ቀላች ያሏት ልጄ

ልጄ በተወለደች በሦስተኛ ቀኗ ቀላች ተባለ፤ ቤቱም እልል አለ።

ልጅ ቀላ ተብሎ እልል የሚባልበት ቤት የት አለ ብትሉኝ፣ የአማቴ ቤት ነዋ! አማቴ ወሎዬ ናቸው። ቀይ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ፣ ሲቆጡ እንኳ የሚያምርባቸው ሴት። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ከጉራጌ አገር የመጣሁ ጥቁር ነኝ። ጠይም እንኳ አይደለሁም፤ ደንበኞች ጠይም የሚሉኝ ዋጋ ቀንሺልን ሊሉ ሲፈልጉ ነው። ልጃቸው «እሷን ካላገባሁ» ብሎ ሲያስቸግራቸው «እሺ አግባት፤ ግን ሲመሽ እንዳትጠፋብህ ነጭ አልብሳት» አሉት። ይህን የነገረኝ ራሱ ባሌ ነው፤ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ?

ሳረግዝ የቤቱ ወሬ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማንን ትመስል ይሆን? አማቴ ሆዴን ያዩታል፤ ገዝተውት ቀለሙ ይለቅ ይሆን ብለው እንደሚጠራጠሩት ጨርቅ። «አላህ ያውቃል፤ የኛ ዘር ጠንካራ ነው» ይላሉ። ጠንካራ ሲሉ ቀይ ማለታቸው ነው። ይሄን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ልጅቷ ጊዜዋ ሳይደርስ መጣች። ስምንተኛ ወሬን ገና ጀምሬ ነበር። አማቴ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጋቢ ሳጣጥፍ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፤ ሆስፒታል አድርሰውኝ በዚያው ቀን ወለድኩ። ትንሽ ነበረች፤ ክንዷ የእኔን አውራ ጣት አያክልም። ግን ጮኻ ነው የመጣችው! እንዲያውም አዋላጇ «ይቺ ተሳዳቢ ናት፤ እናቷን ነው» ብላ አሳቀችን። ጡት ያዘች፣ ሞቀች፣ ተነፈሰች። ይህን የምነግራችሁ ልጄ ስትወለድ ምንም እንዳልነበረባት እንድታውቁልኝ ነው። ደህና ነበረች። ደህና!

ወደ ቤት ስንሄድ ነርሷ ጠርታ መከረችኝ። «ጊዜዋን ሳትጨርስ ስለተወለደች ጉበቷ ገና ነው። ቀን ቀን ልብሷን አውልቀሽ በመስኮት ብርሃን እያት። ቢጫ ከሆነች ሳታሳድሪ አምጪያት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ባሌም አጠገቤ ቆሞ እሺ አለ።

ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ ቀጭን መንገድ ውስጥ ናት፤ አንድ መስኮት አላት። ስንደርስ አማቴ መስኮቷን በቡሉኮ ሸፍነው ጠበቁን። አራስ ናታ! ምች አለ፣ ዓይን አለ፣ የመንደሩ ሰው ምላስ አለ። ከላይ ያለችው አምፖል ደግሞ ያቺ የድሮዋ፣ ቢጫ ብርሃን የምትሰጠው ናት። ከእሷ ሥር ሁላችንም አንድ ዓይነት ነበርን።

እኚህ ሴት እኮ በሥራቸው በአምፖል ብርሃን ነጭ ገዝተው አያውቁም! ሸማኔ ነጠላ ይዞ ሲመጣ ከእጁ ይቀበሉና ደጅ ይወጣሉ። ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ አገላብጠው፣ «ድሩ ሌላ ማጉ ሌላ፤ ይሄ ነጭ አይደለም፣ ውሰድ» ብለው ይመልሱታል። ሰውየው እስኪያለቅስ ነው የሚከራከሩት። «በአምፖል የገዛ በፀሐይ ያለቅሳል» የሚለውን አባባል ለእኔም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ጊዜ ግን ይሄ ሁሉ ዕውቀት የት ገባ?

በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። አንዷ ልጄን ተቀብላ ወደ አምፖሏ ከፍ አደረገቻትና «እናንተዬ፣ ቀላች እኮ!» አለች። ሌላዋ «ማሻአላህ በሉ፣ ማሻአላህ!» አለች። «ቁርጥ አያቷን!» «የወሎን ደም ማን ይችለዋል!» እልልታው እስከ ሸማ ተራ ተሰማ። አማቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና ግንባሬን ሳሙኝ። ካገባሁ ጀምሮ ስመውኝ አያውቁም ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። በኛ አገር የሰው ፊት ቢጫ ተብሎ ያውቃል? ሰው ቀይ ነው፣ ጠይም ነው፣ ጥቁር ነው፤ አለቀ። ቢጫ ጄሪካን ነው። ቢጫ አደይ አበባ ነው። ነርሷ ቢጫ ስትለኝ እኔ የጠበቅሁት ጄሪካን ነበር። የመጣው ግን ቀይ ተብሎ መጣ፤ በእልልታ፣ በስጦታ፣ በምርቃት ታጅቦ መጣ። በሽታ ቁንጅና ለብሶ ሲገባ በሩ ላይ ማን ያስቆመዋል?

በማግስቱ ግን ልቤ ጠረጠረ። ዓይኗን ስትገልጥ የዓይኗ ነጭ ነጭ አልመሰለኝም። እኔም የሸማ ተራ ሰው ነኝ፤ ነጭ ሲያጭበረብር ይታወቀኛል።

«እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ገለጥ ላድርገው። ነርሷ በብርሃን እያት ብላኛለች» አልኳቸው።

«ምን ልታዪ?»

«ቢጫ ከሆነች…»

«ቢጫ!» አሉ፤ ቤቱ ውስጥ ወዳሉት ሴቶች ዞረው። «ሰማችሁ? ልጄ ቀላች ብላ የሚከፋት እናት ዛሬ አየሁ። ምነው፣ ጥቁር ስላልወጣች ነው ያመመሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ከአልጋው ልነሣ ስሞክር አንዷ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ፤ አራስ መስኮት ጋ አትሄድም። ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ነርሷ ያለችውን በጆሮው የሰማ ሰው ነው። አየሁት። እሱ እናቱን አየ። «ተይ እንጂ፣ እማዬ ያሳደገችው ልጅ ስንት ነው» አለኝና ወደ ሱቅ ሄደ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የጠላሁት እሱን ነው። እናቱ ስላላወቁ ነው፤ እሱ ግን እያወቀ ነው።

ከዚያ ልጄ መተኛት አበዛች። ጡት ስሰጣት ትንሽ ትልሳለች፣ ትተወዋለች፣ ትተኛለች። ስቀሰቅሳት አትነቃም፤ ክንዷን ሳነሣው ይወድቃል። «ጨዋ ናት» አሉ አማቴ። «የጨዋ ልጅ አታስቸግርም፤ ስታስቸግርሽ አድራ ቢሆን ኖሮ ታውቂው ነበር።» ቀይም ሆነች፣ ጨዋም ሆነች። በዚያ ቤት አንዲት ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትሁን?

ጨዋነቷ አንድ ቀን አላለፈም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሕፃን አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተለመጠ፣ ጀርባዋ ቀስት ሆነ፣ እጆቿ ተገተሩ። አማቴ «ጅኒ ነው!» ብለው ቁርኣን መቅራት ጀመሩ። እኔ ግን የሆንኩትን አላውቅም። በቤት ቀሚስ፣ ጫማ ሳላደርግ፣ ልጄን ታቅፌ፣ አማቴን ገፍትሬ ወጣሁ። አዎ፣ ገፍትሬ!

ሸማ ተራ ላይ ፀሐዩ ፍጥጥ ብሎ ነበር። ልጄን የገለጥኳት እዚያ ነው፤ ነጫጭ ነጠላ ከተሰቀለበት ሥር። ቢጫ ነበረች። ፊቷ፣ ደረቷ፣ ሆዷ፣ እስከ እግሯ መዳፍ ቢጫ። ከጎናችን የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ሲደረድሩ ቀና ብለው አዩንና «ያ አላህ! ይቺን ልጅ ምን ቀባችኋት?» አሉ። ሽማግሌው ሱቃቸውን እንደተከፈተ ትተው ታክሲ አስቁመው አሳፈሩኝ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር። ደረቷን በጣቱ ጫን አደረገና ለቀቀ፤ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ታየ። «እንዲህ ከሆነች ስንት ቀኗ ነው?» አለ። ነገርኩት። «ታዲያ ለምን ቆያችሁ?» ይሄኔ ባሌ እያለከለከ ደርሶ ነበርና እሱ መለሰለት።

«ቀላች ብለን ነው» አለ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው። የሚሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ቢሳደብልኝ በወደድኩ። አልተሳደበም። ልጄን ራቁቷን ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት፣ ዓይኗን ሸፈኑላት፣ ደሟን እየቀዱ በሌላ ደም ቀየሩላት። ቢጫው ለቀቀ። ከታች የወጣችው ልጄ ጥቁር ነበረች፤ ቁርጥ እኔን። ይሄን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎኝ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ነርሶቹ ይዘው አስወጡኝ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረን። ያ ቢጫ ነገር በጊዜ ካልተያዘ ከደም አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባል። የሚጎዳው ደግሞ እጅና እግርን፣ አንገትን፣ አፍን የሚያዝዘውን ቦታ ነው፤ ጆሮንም ሊነካ ይችላል። «ማሰቢያዋን ሊተውላት ይችላል። ያንን ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያውቅ የለም፤ ስታድግ ነው የሚታየው» አለ። ባሌ «ይድናል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረለት።

ስታድግ ታየ። እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ስትፈልግ እጇ ወደ ጀርባዋ ይሄዳል። አንገቷን ላቅና ስትል ወገቧ ይጠመዘዛል። ለመሳቅ ስትሞክር ፊቷ ስለሚጨማደድ የማያውቃት ሰው ያለቀሰች ይመስለዋል። አትቀመጥም፣ አትናገርም። ሰውነቷ የሚተዋት ስትተኛ ብቻ ነው፤ ያኔ እንደማንኛውም ልጅ ናት፤ ያኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ።

እልል ያሉት ሴቶች የት ሄዱ? አትጠይቁኝ። አንዷ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ልጇን በሌላ ጎኗ ታዞራለች፤ የኔዋ የምትጋባ ይመስል። «ምን ሠርታ ነው እንዲህ ያለው የመጣባት?» የምትለውም አለች። ከሁሉም ግን አማቴ! «በኛ ዘር እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» ይላሉ፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ። ቀይ ስትባል የሳቸው ነበረች፤ ስትጣመም የኔ ሆነች። ስም አወጡላት፤ «እንጨቷ።» «እንጨቷ በላች?» «እንጨቷን ደጅ አውጧት፣ ፀሐይ ይምታት።» ፀሐይ ትዝ ያላቸው አሁን ነው!

ፍርድ አላጓድልም፤ ምሳ የሚያጎርሷት እሳቸው ነበሩ። እኔ ሱቅ ስውል አጥሚቱን እሳቸው ያለሰልሳሉ፣ ገንፎውን እሳቸው ያበርዳሉ፤ ትን እንዳይላት ጭንቅላቷን በክንዳቸው ደግፈው በትንሽ ማንኪያ ይሰጧታል። እጃቸው ደግ ነው። አፋቸው ነው የሚገድለው። እያጎረሷት፣ ፊቷ ላይ፣ ስለ እሷ የማይሉት የለም። ሰው ፊት የማይባለው ሁሉ እሷ ፊት ይባላል፤ «አትሰማም፣ ብትሰማም አይገባት» ብለዋላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የልጄ ጆሮ ግን እዚያው ጭንቅላቷ ላይ ተተክሎ ነው ባዳ የሆነው።

እኔ እንደምትሰማ አውቃለሁ። እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ አንድ ቀን ዘዴ አሳየችኝ። አንድ እጅሽን ዘርጊ፣ አንዱን ጨብጪ፤ የተዘረጋው አዎ ነው፣ የተጨበጠው አይደለም ነው፤ በዓይኗ ትመልስልሽ፣ ጊዜ ስጫት አለችኝ። ቤት ገብቼ ሞከርኩ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ዓይኗ ዞረ፣ ዞረ፣ መዳፌ ላይ አረፈ። «አባትሽ ሱቅ ነው ያለው?» መዳፌ ላይ። «እኔ ወንድ ነኝ?» ጭብጤ ላይ! ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፤ እየሳቀችብኝ ነው። ያን ቀን እንደ እብድ እየጮህኩ ደጅ ወጣሁ። ሰው ናት፣ ልጄ ሰው ናት!

ማን ይመነኝ? ሰው ሲሰበሰብባት ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ሰውነቷ ይገተራል፣ ዓይኗ ይሸሻል። «አንቺ የፈለግሽውን ነው የምታዪው» አለ ባሌ። አማቴም «እሷው ጠያቂ እሷው መላሽ» አሉ።

ባለፈው ዓመት የባሌን እህት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊላኩ ነው ተባለ። ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ ዘር ያጣራሉ። አማቴ ተጨነቁ። «ይቺን ካዩ ልጄን ማን ያገባታል?» አሉ። ወሎ ገጠር አንዲት ያረጁ ዘመድ አሉ፤ የኔዋ እዚያ ትሂድ ተባለ። ባሌ «ለጊዜው ነው፤ አየሩም ይስማማታል» አለኝ። ለጊዜው! መርካቶ ውስጥ ለጊዜው ተብሎ የተሰጠ ነገር ሲመለስ ያየ ካለ ይንገረኝ። እኒያ አሮጊት ራሳቸው ደጋፊ የሚፈልጉ ናቸው። ልጄ በቀን ስንቴ ጎኗ ካልተገላበጠ ትቆስላለች፤ አጥሚቷ ካልቀጠነ ትን ይላታል። እዚያ መላክ ማለት መግደል ማለት ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ አንዳቸውም አይሉትም።

«ትሰማለች!» አልኩት። «የምትሰማ ልጅ እንደ ኩንታል መኪና ላይ አትጫንም!»

«እሺ» አለ፤ እናቱ እየሰሙ። «እኔ ራሴ እጠይቃታለሁ። ከመለሰችልኝ ወላሂ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም። ካልመለሰች ግን አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

ከጁምዓ ሲመለስ ከሱቅ ሁለት ነጠላ ይዞ መጣ፤ አንዱ ጥለቱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ፊቷ ላይ ዘረጋቸው። «ቀዩን አሳዪኝ» አላት፤ ጮክ ብሎ፤ ለደንቆሮ እንደሚነገር። ልጄ ተገተረች። «ቀስ በል» አልኩት። ጠበቅን። ቀስ በቀስ ለቀቃት፤ ዓይኗ ተንቀሳቀሰ፤ አረንጓዴውን አለፈ፣ ቀዩን አለፈ፣ ሄዶ ጥግ የተቀመጡት አያቷ ላይ አረፈ። እዚያው ቆመ።

አማቴ ሳቁ። «ይኸው!» አሉ።

«ልክ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «በዚህ ቤት ቀይ ማን ነው? ከተወለደች ጀምሮ ቀይ ሲባል የምትሰማው እርስዎን ነው! ጥለት ቀይ ነው ብሎ ማን አስተማራት?»

ባሌ ነጠላዎቹን አጠፋቸው። «እንዲህማ ከሆነ ግድግዳውን ብታይም ልክ ናት ትያለሽ» አለኝ። ከውጭ ለሚያየው ሰው እውነቱን ነው። ሰኞ ትሄዳለች ተባለ። ልብሷን ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲያጥፈው ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከሱቅ ወደ ቤት ብቅ አልኩ። አማቴ ልጄን በክንዳቸው ደግፈው ያጎርሷታል። በሩ ላይ መቆሜን አላዩም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ልጅ የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

«ብዪ እንጨቷ፣ ብዪ። እዚያ እንዲህ እያለሰለሰ የሚያጎርስሽ የለም። አንድ ክረምትም አትዘልቂ። አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኛም እናርፋለን።»

የልጄ አፍ ተዘጋ። ያ እንደፈለገው የሚከፈት፣ እንደፈለገው የሚዘጋ፣ ለእሷ ታዝዞላት የማያውቅ አፍ ጥርቅም አለ። አማቴ ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አደረጉ፤ አልከፈተችም። አባበሉ፤ አልከፈተችም። ጉንጯን ጫን ጫን አደረጉ፤ አጥሚቱ አገጯ ላይ ፈሰሰ። እኔ ገብቼ ማንኪያውን ስቀበላቸው ከፈተች።

«ታማለች» አሉ። ማታም እንደዚያው፤ እሁድ ጠዋትም እንደዚያው። ከእኔ ትበላለች፤ እሳቸው ሲቀርቡ ጥርቅም። እሁድ ከሰዓት ባሌ ቤት ነበር፤ ማንኪያውን ሰጠሁት። «አንተ አጉርሳት» አልኩት። አጎረሳት፤ በላች። «አሁን ለእናትህ ስጣቸው።» ሰጣቸው፤ ዘጋች። መልሶ ተቀበለ፤ ከፈተች። እንደገና ለእናቱ ሰጠ፤ ዘጋች። ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሻት?»

«እኔ ምን አደረግኋት? ሳጎርሳት አይደል የኖርኩት!»

«ምን እንዳደረጓት ሳይሆን ምን እንዳሏት ጠይቅ» አልኩና የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኩት። አማቴ አልካዱም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ትሰማለች ብዬ ነው እንዴ!» አሉ። መከላከያቸው ይሄው ነበር።

ባሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንድ እጁን ዘረጋ፣ አንዱን ጨበጠ። ለካ ሳሠራት ያየኝ ነበር። በዚህ ጊዜ አልጮኸም። «የምንለውን ሁሉ ትሰሚ ነበር?» አላት። ዓይኗ መዳፉ ላይ አረፈ። «እንጨት ስንልሽም?» መዳፉ ላይ። «ነገ እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ?» ዓይኗ ከመዳፉ ሳይነሣ ቆየ። ባሌ እንደ ልጅ አለቀሰ። አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

እኔ ደስ አለኝ። ወላሂ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የአማቴን ጀርባ እያየሁ እሰይ አልኩ፤ ልጄ ሰው መሆኗን ያስመሰከረችው በጥላቻዋ ነው፣ እሱንም ቢሆን እሰይ። ጨካኝ ብትሉኝ በሉኝ።

«አትሄድም» አለ ባሌ። «ሽማግሌ ቢመጣም ባይመጣም አትሄድም። ማንም አይወስድሽም፣ እሺ?»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እሱ ግን ገና መሬት ላይ ነው፤ እንባውን ጠርጎ እጆቹን እንደገና አቀረበላት፤ አንዱን ዘርግቶ፣ አንዱን ጨብጦ።

«አባትሽን ትወጂዋለሽ?» አላት።

ልጄ ጊዜ ወሰደች። አልተገተረችም፣ አልደነገጠችም። ዓይኗ መዳፉን አለፈና ጭብጡ ላይ አረፈ። ባሌ ፈገግ ለማለት ሞከረ። የተዘረጋውን ጨበጠው፣ የተጨበጠውን ዘረጋው፣ አቀያይሮ ጠየቃት። ዓይኗ ቀስ ብሎ ተሻገረ፤ ጭብጡን ተከትሎ ሄደ፤ እዚያው ቆመ።

«ደክሟት ነው» አለኝ።

«አልደከማትም» አልኩት።